ሩጫ ጥርስን ያበላሻል? ጥናቱ ያለውና ያላለው

ስፖርት የሚያዘወትሩ ሰዎች ጥርሳቸው ይጎዳል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ለምን? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ስንሮጥ በአፋችን እንተነፍሳለን፣ አፋችን ይደርቃል፣ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ ጥርስ ጠባቂ ያጣል። ያሳምናል አይደል? እስኪ ለዚህ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን ጥናት አብረን እንመርምረው።

ጥናቱ የተሠራው በጀርመኑ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ተመራማሪዎቹ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን አጣምረው የሚወዳደሩ 35 የትራያትሎን ስፖርተኞችን፣ ስፖርት ከማይሠሩ 35 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ትልቁ ጥንካሬው በመጠይቅ ብቻ አለመወሰኑ ነው። ጥርሳቸውን መርምረዋል፤ ከስፖርተኞቹም 15ቱን ፍጥነት እየጨመሩ እያስሮጡ ምራቃቸውን ለክተዋል።

ምን አገኙ? አንደኛ፣ የስፖርተኞቹ ጥርስ በአሲድ የመሸርሸር ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ሁለተኛ፣ በጥርስ መቦርቦር ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ሦስተኛ፣ ሩጫው ሲከብድ ምራቅ ቀነሰ። እስከዚህ ድረስ ወሬው ግማሽ እውነት አለው።

አራተኛው ውጤት ግን ብዙ ጊዜ ተዘልሎ ይታለፋል። በሩጫው የምራቁ ፒኤች ጨመረ፤ ማለትም አሲድነቱ ቀነሰ! ታዲያ ጥርሱን የሸረሸረው አሲድ ከየት መጣ? ከስፖርት መጠጥ? ከሌላ ምግብ? ሁለት ቡድኖችን በአንድ ወቅት ብቻ ማነጻጸር ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም። አፍን ከአፍንጫ ለይቶ ያላነጻጸረ ጥናትም “ጥፋቱ የአተነፋፈስ ነው” ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ሌላም አለ። በስፖርተኞቹ መካከል ብዙ ሰዓት የሚለማመዱት ብዙ የተቦረቦረ ጥርስ ነበራቸው። የተዛምዶው መጠን ግን 0.35 ገደማ ነው፤ ፍጹም ተዛምዶ 1 ነው። 0.35ን በራሱ ብታባዙት 0.12 ገደማ ይመጣል። በግርድፉ፣ የልምምድ ሰዓት የሚያብራራው ከልዩነቱ 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ቀሪው 88 በመቶ ከሌላ ነገር ነው የሚመጣው።

በአፍ መተንፈስ ታዲያ ምንም አያደርግም ማለት ነው? አይደለም። በኒውዚላንድ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ 10 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫቸው ተይዞ በአፋቸው እየተነፈሱ እንዲተኙ ተደርገው ነበር። የአፋቸው ፒኤች በአማካይ 6.6 ሆነ፤ በተለመደው አተነፋፈስ ሲተኙ ግን 7.0 ነበር። አንዳንዴ እስከ 3.6 ወርዷል። የጥርስ ሽፋን 5.5 አካባቢ ሲደርስ መሟሟት እንደሚጀምር አስታውሱ። እዚህ ያው ሰው ከራሱ ጋር ስለተነጻጸረ ማስረጃው ጠንከር ይላል፤ 10 ሰው ግን ጥቂት ነው። ደግሞም ለሰዓታት የሚተኛ አፍና ለአንድ ሰዓት የሚሮጥ አፍ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የሃይደልበርጉ ጥናት ጥሩ ጥያቄ አንስቷል፤ “ሩጫ ጥርስ ይጎዳል” ግን አላለም። ያንን ለማወቅ ወጣቶችን ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት መርምሮ፣ የሚጠጡትንና አተነፋፈሳቸውን እየመዘገበ ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ያስፈልጋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ሩጫ የሚተው ወጣት ለልቡ፣ ለሳንባውና ለአእምሮው የሚበጀውን ያጣል። እናንተ ግን ሩጡ! ሲጠማችሁ ውኃ ጠጡ፤ ጣፋጭና ኮምጣጣ መጠጥ በየደቂቃው አትጎንጩ። ጥርሳችሁን በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ ቦርሹ። ሌሊት ሁልጊዜ አፋችሁ ደርቆ የምትነቁ ወይም አፍንጫችሁ የሚታፈን ከሆነ ደግሞ ሐኪም ያያችሁ፤ መፍትሔው ያለው እዚያ እንጂ ሩጫ በማቆም አይደለም።