ሁለት ዛፍ እወጣለሁ ስለሚል አውቶሞቢል
(በሚትሱቢሺ አውትላንደር ፕላግ ኢን ሃይብሪድ ላይ የቀረበ ሒስ)

አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ለሰው ቢሆንም፣ በዘመናችን አንድ ዓይነት አውቶሞቢል መጥቶ «እኔ እወጣለሁ» እያለ ይከራከረዋል። ይኸውም አንድ እግሩን በኤሌክትሪክ ሌላውን በቤንዚን ላይ አድርጎ የሚሄደው፣ ባትሪው ከቤት ሶኬት የሚሞላው ሃይብሪድ አውቶሞቢል ነው። በሥራ ቀን በከተማ ውስጥ ያለ ጭስና ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቤተ ሰብን ከነጓዙ ጭኖ ሩቅ አገር ያደርሳል ይባልለታል። የተባለው ሁሉ እንደ ተባለው ቢሆን ኖሮ ለአንድ አባወራ ከዚህ የተሻለ መጓጓዣ ባልተገኘም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ የተባለለት ነገር ምን ያህል እንደሚጸና መመርመር ነው። ስለ ሁሉም ለመናገር ቦታው ስለማይበቃ አንዱን መርጫለሁ፤ እርሱም ሚትሱቢሺ አውትላንደር ነው። የመረጥሁበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ይህ መኪና በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ፣ በአውሮፓም በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበ በመሆኑ ከዚህ ዓይነት ከፍ ያሉ የቤተ ሰብ አውቶሞቢሎች መካከል ፋና ወጊው ነው። ሁለተኛ፣ በብዛት ስለተሸጠ ጠባዩ በሥራ ላይ በሚገባ ታውቋል። ሦስተኛ፣ በወረቀት የተጻፈለት ቁጥርና በመንገድ ላይ የታየው ቁጥር እጅግ ስለተራራቁ ለተማሪ ጥሩ የምርመራ መስክ ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። አውትላንደር ሦስት ሞተሮች አሉት። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሲሆኑ አንዱ የፊቱን፣ ሌላው የኋላውን ጎማዎች ያዞራል፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት 60 ኪሎዋት ነው። ሦስተኛው ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። 12 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ከወለሉ በታች ተዘርግቶ ተቀምጧል። የፊቱና የኋላው ጎማ የየራሱ ሞተር ስላለው ኃይልን ከፊት ወደ ኋላ የሚያስተላልፍ ዘንግ አላስፈለገውም፤ እንደዚሁም በልማድ የምናውቀው ባለ ብዙ ማርሽ ካምቢዮ የለውም።

አካሄዱም ሦስት ዓይነት ነው። ባትሪው ሙሉ ሲሆን በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄዳል። ባትሪው ሲያልቅ ወይም ነጂው ብርቱ ጉልበት ሲፈልግ የቤንዚኑ ሞተር ተነሥቶ ጄኔራተር ያዞራል፤ ጎማውን የሚያዞረው ግን አሁንም ኤሌክትሪኩ ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይያያዝና የቤንዚኑ ሞተር የፊቱን ጎማ በቀጥታ ይነዳል። መኪናው በቍልቍለት ሲወርድ ወይም ፍጥነቱን ሲቀንስ የኤሌክትሪኩ ሞተር እንደ ጄኔራተር ሆኖ በከንቱ ይጠፋ የነበረውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነጂውም ይህ የመመለስ ኃይል እንዲጠነክር ወይም እንዲላላ ከመሪው ኋላ ባሉት መቈጣጠሪያዎች ለማዘዝ ይችላል። በዚህ በኩል ለመሐንዲሶቹ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባቸውም። በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. በጃፓን ባትሪ ከመጠን በላይ ግሎ ፋብሪካው ሥራውን ለወራት ማቆሙ ባይዘነጋም፣ የአሠራሩ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ሳይናወጥ ቆይቷል።

ለቤተ ሰብ ያለውን ጥቅም በሚመለከት አንድ ጕድለት ወዲያው ይታያል። በናፍጣ የሚሠራው አውትላንደር ሰባት መቀመጫ ሲኖረው፣ ሃይብሪዱ ግን የኋላው ሞተር ቦታ ስለሚፈልግ አምስት ብቻ ነበረው። ልጅ የበዛበት ቤት ሁለቱን ልጆች ቤት ትቶ ለመሄድ ካልፈለገ በቀር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ሰባት መቀመጫና 20 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ስለተሰጠው ጕድለቱ ተወግዷል።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንግባ። ይህ አውቶሞቢል ለአውሮፓ ገበያ ሲቀርብ በሕጋዊ ፈተና የተገኘለት የቤንዚን ፍጆታ በ100 ኪሎሜትር 1.9 ሊትር፣ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በኪሎሜትር 44 ግራም ነበር። ክብደቱ 1800 ኪሎ ገደማ የሆነ መኪና ከአንዲት ሞተር ብስክሌት ያነሰ ቤንዚን ይጠጣል ሲባል መደነቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከመደነቅ አስቀድሞ ቁጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ መጠየቅ ይገባል።

ስሌቱ የሚከተለው ነው። በፈተናው መሠረት መኪናው በሙሉ ባትሪ 52 ኪሎሜትር ይሄዳል። ባትሪው ካለቀ በኋላ በ100 ኪሎሜትር 5.8 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። የዚያን ጊዜው ደንብ ደግሞ ማንኛውም ባለ ሶኬት ሃይብሪድ ባትሪው ካለቀ በኋላ 25 ኪሎሜትር ብቻ ተጕዞ እንደገና ይሞላል ብሎ ይገምታል። እንግዲህ 52 እና 25 ሲደመሩ 77 ኪሎሜትር ይሆናሉ። ቤንዚን የሚቃጠለው በ25ቱ ኪሎሜትር ብቻ ስለሆነ ፍጆታው 1.45 ሊትር ነው። ይህ ለ77 ኪሎሜትር ሲካፈል በ100 ኪሎሜትር 1.9 ሊትር ገደማ ይወጣል። ማንም አንባቢ በወረቀት ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ስለዚህ 1.9 የሚለው ቁጥር ውሸት ነው ለማለት አይቻልም፤ ስሌቱ ትክክል ነውና። ነገር ግን ይህ ቁጥር የመኪናውን ጠባይ የሚለካ አይደለም፤ ያልታወቀ የአንድ ሰውን ልማድ የሚገምት ነው። በቀን 40 ኪሎሜትር እየሄደ ማታ ማታ ባትሪውን የሚሞላ ሰው ከዚህም ያነሰ ቤንዚን ሊያቃጥል ይችላል። 300 ኪሎሜትር በአንድ ጊዜ ለሚጓዝ ሰው ግን በዚያው በፈተናው ቁጥር ብናሰላ እንኳ 4.8 ሊትር ይሆንበታል። ሶኬት ጨርሶ የማይነካ ሰው ደግሞ ቢያንስ 5.8 ሊትር ይከፍላል፤ ብርድ፣ ፍጥነትና ጭነት ሲጨመሩበት ከዚያም ያልፋል። አንድ መኪና፣ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ቁጥሮች።

ታዲያ ሰዎቹ ከየትኛው ወገን ናቸው? የእናቴ ወንድም በኔዘርላንድ አገር ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቱ የዚህን ዓይነት መኪና ሰጥቶት ነበር። ለጥምቀት ወደ አገር ቤት በመጣ ጊዜ ስለ መኪናው በጉጉት ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ባትሪውን በየስንት ቀኑ ትሞላዋለህ?» አልሁት።

ሣቀና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገመዱን በመስኮት ልጣለው? ቤንዚኑን እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ በካርዱ ይከፍላል፤ ኤሌክትሪኩን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ» ሲል መለሰልኝ።

ይህ ሰው ሰነፍ ወይም ክፉ አይደለም። ሒሳቡን ያወቀ ሰው ነው። መኪናው የተሰጠው ቤንዚን እንዲቈጥብ ሲሆን፣ ቤንዚን ያልቈጠበ ግን ምንም የሚጐዳው ነገር አልነበረም። እንዲያውም በኔዘርላንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ለግል ጕዳይ የሚጠቀም ሠራተኛ ከመኪናው ዋጋ የተወሰነ እጅ በገቢው ላይ ተጨምሮ ግብር ይከፍልበታል። እስከ እ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ድረስ ግን በኪሎሜትር ከ50 ግራም የማይበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚያወጡ አዳዲስ መኪኖች ይህ ጭማሪ ዜሮ ነበር። አውትላንደር በወረቀት 44 ግራም ስለተጻፈለት ከዚህ ወሰን በታች ዋለ። ከዚህ የተነሣ የዚያ ዓመት መጨረሻ ወራት ሲደርሱ በዚያች አገር ገበያ ከሁሉ በላይ የሚሸጥ መኪና ሆነ። ገዢውን የሳበው ባትሪው ነው ወይስ የግብሩ ዜሮ ነው? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ ስለ መሥሪያ ቤት መኪኖች በወጣው ዘገባ፣ ገመዳቸው ከተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ ሳይወጣ የተመለሱ ሃይብሪዶች እንደ ነበሩ ተነግሯል።

የአንድ አጎት ወሬ ለጥናት አይበቃም የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ስለዚህ ሰፊ ምርመራዎችን እናንሣ። አይ ሲ ሲ ቲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የንጹሕ መጓጓዣ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአውሮፓ የግለሰብ የሆኑ ባለ ሶኬት ሃይብሪዶች በ100 ኪሎሜትር ከ4.0 እስከ 4.4 ሊትር፣ የመሥሪያ ቤት የሆኑት ደግሞ ከ7.6 እስከ 8.4 ሊትር ያቃጥላሉ። በወረቀት የተጻፈው ግን ከ1.6 እስከ 1.7 ሊትር ነበር። በኤሌክትሪክ የተነዱት ርቀትም በግለሰቦቹ ዘንድ ከ45 እስከ 49 በመቶ፣ በመሥሪያ ቤቶቹ ዘንድ ከ11 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2024 ከመኪኖቹ ውስጥ ከተገጠመው መለኪያ በተሰበሰበ መረጃ፣ በ2021 የተመዘገቡት ባለ ሶኬት ሃይብሪዶች የሚያወጡት ካርቦን በፈተና ከተገኘው በአማካይ 3.5 እጥፍ መሆኑን አስታውቋል። የተራ ቤንዚንና ናፍጣ መኪኖች ልዩነት ግን 20 በመቶ ገደማ ነበር። በዚህም ምክንያት ለአዳዲስ ሞዴሎች ከ2025 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ ተብሎ የሚገመተው ድርሻ በሕግ እንዲቀንስ ተደርጓል። እርማቱ የመጣው የግብሩ ቅናሽ ከተበላ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፤ «ጥፋቱ የነጂው እንጂ የመኪናው አይደለም፤ ባትሪውም ከዓመት ዓመት ስለሚያድግ ችግሩ በራሱ ይወገዳል»። የመጀመሪያውን ክፍል በከፊል እቀበላለሁ። ከላይ ያለው ቁጥርም ይመሰክርለታል፤ የራሱን ቤንዚን የሚከፍለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን መኪና ከሚነዳው ሰው ግማሽ ያህል ነው የሚያቃጥለው። ሁለተኛው ክፍል ግን ጥንቃቄ ይሻል። ባለ 20 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ሁለተኛ ትውልድ አውትላንደር በአሜሪካ መንግሥት ፈተና በኤሌክትሪክ 61 ኪሎሜትር ሄዷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ፈተና ባትሪው ካለቀ በኋላ በ100 ኪሎሜትር 9 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል። ባትሪው ባደገ መጠን መኪናውም ይከብዳል፤ በደንብ ለሚሞላው ሰው የበለጠ ይጠቅማል፣ ለማይሞላው ሰው ደግሞ ሸክም ይሆናል። ሁለቱ እግሮች አንዱ የሌላውን ክብደት ተሸክመው የሚሄዱ ናቸውና።

ይህ ጕዳይ ለእኛስ ምናችን ነው? የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል፤ ማለት አንዱን ዛፍ መርጧል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖርና ክረምት ሲመጣ ወላጆቹን ለመጠየቅ ጐንደር ወይም ጅማ የሚወርድ ቤተ ሰብ ግን በልቡ ሁለቱንም ዛፍ ቢመኝ አይፈረድበትም። ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ይህ መኪና በእርግጥ ይስማማል? አንድ ትንሽ ስሌት እናድርግ። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው መንገድ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። አራት ሰዎችና ጓዝ የጫነውን አውትላንደር 2200 ኪሎ ብንለው፣ ሲመለስ ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ የመጀመሪያው ባትሪ ሦስት አሥረኛ ነው፤ የነፋሱና የጎማው ትግል ገና አልታሰበም። ሲወርድ ከፊሉ ይመለሳል፤ ባትሪው ከመነሻው ሞልቶ እንደሆነ ግን የሚመለሰውን የሚያኖርበት ቦታ የለውም። በአውሮፓ ሜዳ የተለካ ርቀት በእኛ ዳገት ላይ እንደማይሠራ ከዚህ እንረዳለን። ሶኬት የሌለው ፎቅ ደግሞ በአምስተርዳም ብቻ አይገኝም፤ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሁሉ የአጎቴን መልስ ሊደግመው ይችላል።

ፍርዴን በአጭሩ ላቅርብ። አውትላንደር በብልሃት የተሠራ፣ ለቤተ ሰብ የሚመች፣ ግቢና ሶኬት ላለው፣ በየቀኑ አጭር መንገድ ለሚሄድና ቤንዚኑን ከኪሱ ለሚከፍል ሰው የሚመከር አውቶሞቢል ነው። ከእነዚህ ሦስት ነገሮች አንዱ ለጐደለው ሰው ግን ተራውን፣ በሶኬት የማይሞላውን ሃይብሪድ መግዛት ይሻለዋል፤ ሦስቱም ኖሮት ሩቅ መንገድ ለማይሄድ ሰው ደግሞ ሙሉ ኤሌክትሪኩ ይበቃዋል። ለመንግሥታት የሚሰጠው ምክር ከዚህ ይለያል። መኪናው በተገዛበት ቀን ስለ ወረቀቱ ከመሸለም ይልቅ፣ ዓመቱ ሲያልቅ መለኪያው ታይቶ በእርግጥ ስለ ተቈጠበው ቤንዚን መሸለም ይገባል። መለኪያው ከመኪናው ውስጥ አለና ይህ አስቸጋሪ አይደለም።

ምሳሌውንም በተመለከተ፣ አባቶቻችን አልተሳሳቱም። መኪናው ሁለቱን ዛፍ ለመውጣት ይችላል፤ አንዱን ዛፍ በየማታው የሚያጠጣው ሰው ከሌለ ግን ያ ዛፍ ይደርቃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የስሌት ወይም የአስተሳሰብ ስሕተት የሚያገኙ መምህራንና ጓደኞቼ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።