አምስተኛው ማጭድ፦ ውርር የሚያደርግ አጭር የፊልም ጽሑፍ እንዴት ይመረጣል?

ለአማተር አጭር ፊልም ውድድር «አስፈሪ» የሚል ጭብጥ ሲወጣ የጽሑፍ ፍለጋው ከጭራቁ ይጀምራል። ማን ይሙት? ማን ይለከፍ? ደሙ በምን ይሠራ? ባሌ ውስጥ፣ ሮቤ ላይም ሆነ ጎባ፣ ካሜራ ያለው ልጅ፣ ትወና የሚወድ የሰፈር ጓደኛውና ላፕቶፕ ያለው ኤዲተር ቡድን ሲመሠርቱ ወሬው ከዚህ አያልፍም። እኔ ጽሑፍ ሲሰጠኝ የመጀመሪያውን ገጽ የማነበው ሌላ ነገር ፍለጋ ነው። ከቦታው የወጣ አንድ ተራ ነገር አለ ወይ? አንድ ብቻ። ሁለት ከሆኑ ፍርሃቱ ይከፈላል፤ ሦስት ከሆኑ ተመልካቹ ይስቃል።

የሲናናን ስንዴ ይዘው የመጡ ሁለት ጽሑፎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። የመጀመሪያው የሌሊት ታሪክ ነው። የቦና ሰብል ደርሷል፤ ኮምባይነሩ መብራቱን አብርቶ ማሳውን ይዞራል። ሹፌሩ በዞረ ቁጥር ካልታጨደው ስንዴ መሐል አንድ ሰው ቆሞ ያያል። ማሳው እየጠበበ ይሄዳል፤ ሰውዬው ግን አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው በጠራራ ፀሐይ የሚፈጸም ነው። ማሽን በማይወጣበት ተዳፋት ላይ አራት ሰዎች አጎንብሰው በማጭድ ያጭዳሉ። ውኃ ያመጣላቸው ልጅ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጦ የማጭዱን ድምፅ ይቆጥራል፤ አምስት ነው። ዞር ብሎ ሰዎቹን ይቆጥራል፤ አራት ናቸው። ማታ እናታቸው ለአራቱ አጫጆች አምስት ኩባያ ሻይ ትቀዳለች። ማንም ለምን አይላትም።

የመጀመሪያው ሲነበብ ያምራል። ስንዴው ማለቁ እንደማይቀር ተመልካቹ ስለሚያውቅ ጭንቀቱ በየዙሩ ይጨምራል፤ አሳቡ የአዋቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለቀረጻ ሲታሰብ ነው። በአጨዳ ወቅት ኮምባይነር ቀንም ሌሊትም ተራ ይጠበቅለታል፤ ለእናንተ ሲል ሥራ የሚያቆም ባለቤት አታገኙም። ቢገኝ እንኳ ሌሊት ሜዳ ላይ ያለ በቂ መብራት በስልክ የተቀረጸ ሰው ድፍርስ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው አራት ማጭድ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ጥሩ ማይክሮፎንና አምስት ኩባያ ይበቃዋል። ፍርሃቱ በጆሮ ስለሚገባ ካሜራው ምንም የተለየ ነገር ማሳየት አይጠበቅበትም። እኔ ብሆን ሳላመነታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የምመርጠው ግን በወጪው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምክንያቴ ኩባያው ነው።

ጽሑፍ የምፈትንበት አንድ ዘዴ አለኝ፦ መንፈሱን አውጡትና ምን እንደሚቀር እዩ። ከአጫጆቹ ታሪክ አምስተኛውን ድምፅ ብታወጡት፣ አንድ ልጇን አጥታ ስሙን መጥራት ያልቻለች እናትና ዝም ያሉ ወንዶች ልጆች ይቀራሉ። ይህ በራሱ ታሪክ ነው፤ ድምፁ የመጣው ዝምታውን ሊያሰማን ነው። ጋኔኑ ሲወጣ ባዶ ቤትና የሚጮኹ ተማሪዎች ብቻ የሚቀሩበት ጽሑፍ ግን ጭምብል ብቻ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» አስፈሪ ፊልም ተብሎ አይመደብም፤ ሆኖም ዋና ገጸ ባሕርዩ አንበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ በቅዠቱ የሚመጡበት ነገሮች ከማንኛውም ጭራቅ የከፉ ናቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል በስክሪፕቱ መሸለሙ አለነገር አይደለም።

ስለ ማነስ ካነሣን፣ አማተር ሁሉ ሊያየው የሚገባ ሥራ አለ። ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንድ የአጭር አስፈሪ ፊልም ውድድር ብሎ «ላይትስ አውት»ን የሠራው በገዛ ቤቱ ነው። ተዋናይዋ ሚስቱ ናት። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ንግግር የለበትም። ሴትየዋ የኮሪደሩን መብራት ስታጠፋ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ይታያል፤ ስታበራው የለም። ደግማ ታጠፋለች፤ አለ። ጽሑፉ በመሠረቱ ይህችው ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆሊውድ ሙሉ ፊልም አድርጎ ሠራው። መብራት በየምሽቱ ሄዶ በሚመጣበት አገር እየኖርን እንዲህ ያለውን አሳብ ስዊድናዊ መቅደሙ ትንሽ ያስቆጫል። አድናቂ ሆናችሁ ግን አትቅዱት። ዳኞች ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ታሪክ ታክቷቸዋል። ከእሱ የሚወሰደው ደንቡ ነው፦ አንድ ሕግ አውጣ፤ ተመልካቹ ሕጉን ያለ ንግግር ይረዳ፤ መጨረሻ ላይ ያንኑ ሕግ አጥብብበት።

ወደ ቦታው ልምጣ፤ ባሌ ላይ ጸሐፊን የሚያሳስተው ቦታው ራሱ ነውና። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ ላይ ሲወጣ አራት ሺህ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ጉም ሲወርድ ጅብራዎቹ ሰው ይመስላሉ፤ መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ ተበሳስቷል፤ ነፋሱ ያፏጫል። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ሐረና ደን ነው፤ አስታው ሁሉ በዛፍ ሽበት ተሸፍኖ ቀን እንኳ ይጨልማል። ይህን ሁሉ ያየ ጸሐፊ ታሪክ መጻፍ ትቶ ተፈጥሮ ይገልጻል። ሦስት ገጽ ጉም፣ ግማሽ ገጽ ሰው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣላችሁ ጉሙን በሐሳባችሁ ግለጡትና ፀሐይ አውጡበት። ታሪኩ አሁንም ቆሞ ይሄዳል? ጉም በቀጠሮ አይመጣም። አምስት ሰው በኪራይ መኪና ሳነቴ ወጥታችሁ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ቢጠብቃችሁ ምን ልትቀርጹ ነው? ብርዱ ደግሞ የስልክ ባትሪ ይበላል።

ጽሑፉ የሚጠይቀውን ነገር ቦታው መፍቀዱንም አጣሩ። ብሔራዊ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ነው፤ ፊልም ለመቅረጽ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዲንሾ ነው። «ቀይ ቀበሮ ዞር ብላ ታየዋለች» የሚል አንድ መስመር በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአምስት መቶ አይበልጡም፤ ለትዕይንት ብሎ ማባረር ነውር ነው። ውሻን ቀበሮ አስመስሎ ሳነቴ ላይ መቅረጽ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ የሚተላለፍ ነውና። ሶፍ ዑመር ዋሻም ያው ፈተና ነው። ወይብ ወንዝ የሰነጠቀው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጨለማ ለአስፈሪ ፊልም የተፈጠረ ይመስላል። ለብዙ ሰው ግን የጸሎት ቦታ ነው፤ የሰይጣን ቤት አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ቢያሸልም እንኳ አልቀበለውም። ደግሞ ዋሻ ውስጥ ለመፍራት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። ሮቤ አደባባይ ላይ በእኩለ ቀን ውርር የሚያደርገኝን ጸሐፊ ነው የማከብረው።

ጽሑፍ ከወዴት ይገኛል? ከሁሉ በፊት ማታ ከሚወራው። የባሌ አያት የቡልጉን ተረት ያውቃል፤ ሰው በላውን፣ ሴት ልጅ የሚያታልለውን። ሰሜን ሄዳችሁ ስለ ሰላቢ ብትጠይቁ፣ አውድማ ላይ የተከመረ እህል ማንም ሳይነካው ሲጎድል የታየበትን ታሪክ የሚያወራላችሁ አታጡም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» በቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ተረትን እንዳለ መቅረጽ ግን አይሠራም፤ ተረት ጭራቁን በግልጽ ያሳያል፣ ሥጋው ይበላል፣ ልጅቷ ታመልጣለች። ለአጭር ፊልም የሚጠቅመው ከተረቱ የምትመዘዝ አንዲት ፍሬ ነገር ናት፤ እህሉ ሲሰፈር መጉደሉ፣ እንግዳው ሲስቅ ጥርሱን መሸፈኑ። ሁለተኛው ምንጭ የአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ናቸው። ሦስተኛው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ውስጥና በየትምህርት ቤቱ ድራማ የሚጽፉ ልጆች ናቸው፤ እነዚህን ስትጠይቁ «አስፈሪ ነገር ጻፍልን» አትበሉ፤ የተለመደውን ይዘውላችሁ ይመጣሉ። «ቤታችሁ ውስጥ የማይወራ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ጥብቅ የምሆንበት አንድ ጉዳይ አለ። ቡዳን ይዘው የሚመጡ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኛዎቹ ቡዳውን ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ያደርጉታል። በዚህ ስም ሰዎች ከጋብቻ፣ ከማዕድ፣ ከጉርብትና ተገልለው ኖረዋል። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ ሰይጣን እንደያዛት የሚያሳይ ጽሑፍም ከዚያ አይሻልም። ይህን ወደ ጎን የማደርገው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ በጥበብም ደካማ ነው። ተመልካቹ አስቀድሞ የሚጠረጥረውን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ ማቅረብ ምን ያስደነግጣል? ካሜራውን ወደ ጠርጣሪዎቹ ያዞረ ጽሑፍ ካገኛችሁ ግን አትልቀቁት። መንደሩ ተሰብስቦ የአንዲትን ሸክላ ሠሪ ቤት በዝምታ ሲመለከት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሆኖ የተቀረጸ ትዕይንት አስቡ።

ንግግሩን በጆሯችሁ መርምሩ። የሲናና ገበሬ ቤቱ ውስጥ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። አዲስ አበባ የተጻፈ ጽሑፍ መጥቶ ሽማግሌውን «አያ» እያሰኘ፣ እናትየዋን «እትዬ» እያስባለ ሲያናግራቸው ፍርሃቱ ሳይጀመር ይሞታል። «ኦቦ» እና «አዴ» ባሉበት ቤት እነሱው ይነገሩ፤ ከሥር የአማርኛ ትርጉም ይጻፍ። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ከሐረር የጫት ማሳና ጭስ ውስጥ ተነሥቶ በኦሮምኛና በሐረሪ እየተናገረ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ደርሷል፤ ቋንቋው አላገደውም። ጥሩ ጸሐፊ ደግሞ ሰው ሲደነግጥ ከአፉ ምን እንደሚያመልጠው ያውቃል። አንዱ «ቢስሚላሂ» ይላል፤ ሌላው «በስመ አብ» ብሎ ያማትባል። ባሌ ላይ ሁለቱም ጎረቤት ናቸው። በዚያች በአንዲት ቃል የሰውዬው ማንነት ከታወቀ ስለ እሱ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ብዙ ንግግር ያለበትን አስፈሪ ጽሑፍ እኔ አላምነውም፤ የፈራ ሰው አያብራራም።

የደካማ ጽሑፍ ምልክቶች ቶሎ ይታያሉ። «አስፈሪ ሙዚቃ ይሰማል» የሚል ካለ ጸሐፊው ሥራውን ለሙዚቀኛው አስረክቧል ማለት ነው። «በውስጡ ከባድ ስሜት ይሰማዋል» የሚለውን ካሜራ አይቀርጸውም። በመጀመሪያው ገጽ የሚጮኽ ሰው ካለ፣ በአምስተኛው ገጽ ምን ሊያደርግ ነው? ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ፣ ዝምታዎቹን ሁሉ ጠብቃችሁ፣ በሰዓት አንብቡት። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ልማድ ለፈረንጅ አጻጻፍ የተለካ ነው፤ በእኛ ፊደልና ባላችሁ የወረቀት አሠራር አይገጥምም። አስፈሪ ትዕይንት ደግሞ ዝምታው ስለሚበዛ ከተጻፈው ይረዝማል። ውድድሩ አምስት ደቂቃ ካለ፣ ሲነበብ ከአራት የሚበልጥ ጽሑፍ አትውሰዱ።

መጨረሻው ላይ ብዙዎቹ ይወድቃሉ። «ለካስ ሕልም ነበር» የሚል ፍጻሜ የሚናቀው ሕልም በመሆኑ አይደለም፤ ስላልተዘጋጀ ነው። ፈረንሳዊው ሮበርት ኤንሪኮ እ.ኤ.አ. በ1962 በካን በአጭር ፊልም የተሸለመበት ሥራ ድልድይ ላይ ሊሰቀል የቆመን ሰው ያሳያል። ገመዱ ይበጠሳል፤ ሰውዬው በወንዙ ይዋኛል፣ በጫካ ይሮጣል፣ ሚስቱ ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው አንገቱ ይሰበራል። ያመለጠው በሐሳቡ ነበር። ከአምብሮዝ ቢርስ አጭር ልብ ወለድ የተወሰደው ይህ ፊልም አያናድድም፤ ምክንያቱም ገመዱን ከመጀመሪያው አይተነዋል። የምትመርጡት ጽሑፍ የመጨረሻ ትዕይንት ሲደርስ ወደ ኋላ ገልጣችሁ ፍንጩን ፈልጉ። በመጀመሪያው ገጽ ካላገኛችሁት ጸሐፊው መጨረሻውን የፈጠረው ሲደክመው ነው። ሁሉን የሚያብራራ ፍጻሜም አይጥመኝም። አምስተኛው ማጭድ የማን እንደሆነ እናትየዋ ተነሥታ ብትናገር ፊልሙ እዚያው ያልቃል፤ ተመልካቹም ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደው ነገር አይኖርም።

አንድ የሕግ ነገር ቀርቷል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ከታተመ አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ጽሑፍ ሲቀርብላችሁ ፈቃዱ የታለ በሉ። የጓደኛችሁም ጽሑፍ ቢሆን ከቀረጻ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፤ ክፍያ ባይኖር እንኳ ስሙ በፊልሙ መክፈቻ ላይ እንዲሰፍር፣ ፊልሙ ከተሸለመም ሽልማቱ እንዴት እንደሚከፈል ይጻፍ።