ስለ ምናሴ ንስሓ፤ ተጥሎ ስላልተሰበረውም ጣዖት

የይሁዳ ንጉሥ ምናሴ በ12 ዓመቱ ነግሦ 55 ዓመት በኢየሩሳሌም ገዛ። አባቱ ሕዝቅያስ ያፈረሰውን የኮረብታ መስገጃ መልሶ ሠራ፤ ለበኣል መሠዊያ አቆመ፤ ልጆቹንም በሄኖም ልጅ ሸለቆ በእሳት አሳለፈ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የተቀረጸውን ምስል በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ማቆሙ ነው።

ይህን ታሪክ ሁለት መጻሕፍት ይናገሩታል፤ አነጋገራቸው ግን አንድ አይደለም። ነገሥት ራብዕ በ21ኛው ምዕራፍ ኃጢአቱን ዘርዝሮ፥ ንስሓውን ሳያነሣ ሞቱን ይጽፋል። ዜና መዋዕል ካልዕ፥ በግዕዙ ሕጹጻን የሚባለው፥ በ33ኛው ምዕራፍ የአሦር አለቆች በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን እንደ ወሰዱት፤ በመከራውም ራሱን እንዳዋረደ፤ እግዚአብሔርም ሰምቶ ወደ መንግሥቱ እንደ መለሰው ይናገራል። አንዳንድ የውጭ አገር ሊቃውንት፥ የአሦር ከተማ ነነዌ ሳለች ስለ ምን ወደ ባቢሎን ይወሰዳል ብለው ምርኮውን ይጠራጠራሉ። ክርክራቸው የጸና አይደለም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ681 እስከ 669 የነገሠው አስራዶን ባቢሎንንም ይገዛ ነበርና። በእርሱ ጽሕፈት ምናሴ ለነነዌ ቤተ መንግሥት እንጨትና ድንጋይ እንዲያቀርቡ ከታዘዙት 22 ነገሥታት ጋራ ተቈጥሯል። ምርኮውን ግን ያ ጽሕፈት አያነሣም፤ ስለዚህ ለምስክርነት ከሚችለው በላይ ሊጫን አይገባም።

ሰባኪዎች ከምናሴ ታሪክ ሲደርሱ በጸሎቱ ይጀምራሉ፥ በጸሎቱም ይጨርሳሉ። በእርግጥም ጸሎተ ምናሴ ልብን የሚሰብር ነው፤ በዲድስቅልያም ኤጲስ ቆጶሳት ተነሳሒውን እንዳይገፉ ምሳሌ ሆኖ መጻፉ በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ትርጓሜው በዚህ ሲያቆም የታሪኩ ግማሽ ይቀራል። ምናሴ በጸሎቱ ርኵሰትን ማቆሙን ይናዘዛል፤ ያቆመውን አደቅቃለሁ ብሎ ሲሳል ግን አይገኝም። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ከተመለሰ በኋላ በእጁ የሠራው ነው።

በተመለሰ ጊዜ የከተማውን ቅጥር ሠራ፤ ጣዖቱን ከመቅደስ አውጥቶ ከከተማ ውጭ ጣለው፤ የእግዚአብሔርን መሠዊያ አደሰ፤ ሕዝቡም ለእግዚአብሔር እንዲገዛ አዘዘ። ይህ እውነተኛ ንስሓ ነው፤ አፉ ብቻ ሳይሆን እጁም ተመልሷልና። ነገር ግን ጸሐፊው የመረጠውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል፤ ጣለው ይላል እንጂ ሰበረው፥ አቃጠለው፥ አደቀቀው አይልም። ሙሴ የወርቁን ጥጃ ፈጭቶ በውኃ በትኖታል። ሕዝቅያስም፥ የምናሴ አባት፥ ሕዝቡ ቢያጥኑለት ሙሴ ራሱ የሠራውን የናስ እባብ እንኳ ሳይራራ ቀጥቅጦታል። ምናሴ በጣዖት ምን ሊደረግበት እንደሚገባ ያልሰማ ልጅ አልነበረም።

በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ ልጁ አሞን አባቱ ለሠራቸው ምስሎች ሁሉ እንደ ሠዋ ተጽፏል። ከወዴት አገኛቸው? ከከተማ ውጭ የተጣለ ነገር አንሺ አያጣም። አንድም አሞን በአባቱ ሥራ አምሳል አዲስ አሠርቶ አቆመ ቢባል ይሆናል፤ ንባቡ ግን አባቱ የሠራቸው ስለሚል የፊተኛው ይቀናል። በዚህ ትርጓሜ መጻሕፍቱም ይታረቃሉ። ዜና መዋዕል ምናሴ መሠዊያዎቹን አወጣ ሲል፥ ነገሥት ራብዕ በ23ኛው ምዕራፍ ምናሴ በመቅደሱ ሁለት አደባባዮች የሠራቸውን መሠዊያዎች ያፈረሰ ኢዮስያስ ነው ይላል፤ አንዱ የወጣውን፥ ሁለተኛው ተመልሶ የገባውን ይናገራልና።

ሕዝቡም ቢሆን ከዐዋጁ በኋላ፥ ለእግዚአብሔር ብቻ ይሁን እንጂ፥ በኮረብታ መሠዋቱን አልተወም። ብዙ ዘመን በንጉሡ ትእዛዝ የተለመደውን ነገር ያው ንጉሥ በአንድ ቃል ሊመልሰው አልቻለም።

ነገሥት ራብዕ ንስሓውን ስላላነሣ ሐሰተኛ ሊባል አይገባም፤ የሚቈጥረው የንጉሡን ነፍስ ሳይሆን የመንግሥቱን ዕዳ ነውና። የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ዐፀዱን አቃጥሎ ትቢያ አደረገው፤ የመሠዊያዎቹንም ትቢያ በቄድሮን ፈፋ ጣለው። መጽሐፉ ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ እንኳ፥ ምናሴ ስላስቈጣው ነገር የእግዚአብሔር ቍጣ ከይሁዳ አልተመለሰም ይላል፤ ይህንም የሚለው አያትዮው ይቅርታ አግኝቶ በመቃብር ሳለ ነው።