ዓይን ከሰማይ ሲነሳ

ባለፈው በጋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሰርግ ስቀርጽ የሙሽራዋ እናት ጠጋ አሉኝና «ልጄ፣ ያቺን የምትበረዋን ይዘሃት አልመጣህም?» ብለው ጠየቁኝ። ሚዜዎቹ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ተሰልፈዋል፤ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ከላይ ቢነሱ ምን ያህል እንደሚያምሩ ለእኔ አይነገርም። «እዚህ አላስነሳትም ብዬ ቤት ትቻት መጣሁ እማማ» ስላቸው፣ «ለአንድ ደቂቃ! ማን ያያታል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከጆሮዬ አልወጣም። ማን ያያታል? ያን ጊዜ እንኳ ወደ ሬገን አየር ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ በወንዙ ላይ እያለፈ ነበር። ከዚያ አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው፤ የእኛ ሰው ሰርግ የሚደግስባቸው አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም እዚያው ክበብ ውስጥ ናቸው። የክልከላው መነሻ የአሜሪካ ዋና ከተማ ጸጥታ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን አብራሪው እንደማያያት ማወቄ ነው። ሊጋጭህ የሚመጣ ነገር በመስታወትህ ላይ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ባለበት ነጥብ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻው ቅጽበት ብቻ ይተልቃል። ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ካልሆነ ቶሎ አይዝም። ስለዚህ የማየት ግዴታው ሙሉ በሙሉ የእኛ፣ መሬት ላይ የቆምነው ሰዎች ነው።

እኛስ እናያለን? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ኒውዮርክ ላይ አንድ ሰው ለመዝናናት ያስነሳት ድሮን ስታተን አይላንድ አጠገብ ከጦር ሠራዊት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨች። ሰውየው የነበረው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ብሩክሊን በኩል ነው። በዓይኑ የሚያየው ድሮንም ሄሊኮፕተርም አልነበረም፤ ስክሪኑን ብቻ ነበር። ምስሉ ሲቋረጥበት ውሃ ውስጥ ወድቃ ይሆናል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። የሄሊኮፕተሩ ዋና ፕሮፔለር ተጎድቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ በሰላም አረፉ። የድሮኗ ሞተር ከነክንዷ ቁራጭ ሄሊኮፕተሩ ላይ ስለተገኘ መርማሪዎች በመለያ ቁጥር ባለቤቱ ጋ ደረሱ። ሰውየው መጋጨቷን የሰማው ከእነሱ ነው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚከብደኝ ይህ አለማወቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ስትነድ የሆነውም ከዚህ አይለይም። ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሕንጻ አናት ላይ የተነሳች ድሮን፣ እሳቱን ለማየት 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ከዓይን ከተሰወረች በኋላ ከካናዳዋ ኩቤክ የመጣ የውሃ መርጫ አውሮፕላን ክንፍ በሳች። አውሮፕላኑ ለቀናት ከሥራ ወጣ፤ ያውም ሰው ቤቱ እየተቃጠለበት ባለበት ሰዓት።

«ይቺ ላስቲክ አውሮፕላን ምን ታደርጋለች?» የሚሉኝ አሉ። የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ኪሎ የማትሞላ ድሮን በሰዓት 238 ማይል ፍጥነት የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተኮሱ። የድሮኗ አምራች ፍጥነቱ ከእውነታው በላይ ነው ብሎ ተቃውሟል፤ ድሮኗ ግን የክንፉን ፊት ቀድዳ ገብታ ክንፉን የሚሸከመውን ዋና ምሰሶ ጎድታለች። ተመሳሳይ ክብደት ያለው የወፍ አምሳያ የላዩን ቆርቆሮ ይበልጥ ቢጨፈልቅም ያን ያህል ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ወፍ ሥጋና አጥንት ናት። ድሮን የብረት ሞተርና ድፍን ባትሪ ናት።

እኔም ሰማዩን ትቶ ስክሪን ከማየት ጥፋት የጸዳሁ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ከከተማ ርቄ፣ በተፈቀደ ቦታ፣ ከኮረብታ ላይ አስነስቼ ከሸለቆው የሚነሳውን ጉም እቀርጽ ነበር። ስክሪኑ 110 ሜትር ይላል፤ የሕጉ ጣሪያ 120 ነው፤ ልቤ ረክቷል። ያ ቁጥር የሚለካው እኔ ከቆምኩበት እንጂ ከሥሯ ካለው መሬት አለመሆኑን ዘንግቼዋለሁ። ሸለቆው 60 ሜትር ቢጎደጉድ እሷ 170 ሜትር ላይ ናት ማለት ነው። ከዛፎቹ ጀርባ ስትሆን ግንኙነቱ ተቋረጠ። ግንኙነት ሲጠፋ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥታ ከዚያ ቀጥ ብላ እንድትመለስ ያዘዝኳት እኔው ነኝ፤ ለዛፍ ብዬ። ወዲያው ሄሊኮፕተር ሰማሁ። በሽተኛ የሚያመላልሰው ዓይነት ነበር፤ ዝቅ ብሎ፣ ከኋላዬ። የያዝኩት ሪሞት በእጄ ላይ ባዶ ፕላስቲክ ሆነ። ሄሊኮፕተሩ አለፈ፤ ድሮኗም ተመለሰች። በመካከላቸው ስንት ሜትር እንደነበር አላየሁም፤ ያላየሁትም አንገቴን ደፍቼ ጉሙን ሳደንቅ ስለነበር ነው።

ከዚያ ወዲህ የምቀርጸውን ነገር አስቀድሜ በሐሳቤ እጨርሳለሁ፤ ድሮኗ ሰማይ ላይ እያለች ስክሪኑን የማየው በጨረፍታ ነው። ኮፍያና የጆሮ ማዳመጫ አላደርግም። የመመለሻዋን ከፍታ በየቦታው ዛፉን ለክቼ አስተካክላለሁ። ቀድሞ ክልክል ቦታ ላይ ድሮኑ ራሱ አልነሳም ይል ነበር፤ የድሮን አምራቹ ዲጄአይ ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ውስጥ ያንን መቆለፊያ አንስቶ በማስጠንቀቂያ ተክቶታል። አሁን የሚከለክለን የራሳችን ጣት ነው።

ብቻዬንም አልወጣም። የ13 ዓመት ልጄ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ይቆማል፤ ሥራው ሰማዩን ማየትና ማዳመጥ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የበቆሎ ማሳ ላይ የጠዋቱ ብርሃን ገና ሲያምርልኝ «አባዬ፣ ድምፅ አለ» አለኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። አወረድኳት። መሬት ከነካች በኋላ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከዛፎቹ አናት ብቅ ብላ በላያችን አለፈች፤ ልጄም እጁን አውለበለበላት።