ስለ ጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ሥልጣን

ጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ሲመዘኑ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ቫይረስ ያዙ የሚለው ብቻ ነው። ይህ መመዘኛ ጎደሎ መስሎ ይታየናል። ማናቸውንም ቫይረስ ያለ ስሕተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል ፍሬድ ኮኸን ገና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሒሳብ አስረድቷል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ማምለጡን አንነቅፍም። የምንነቅፈው፥ ለሚሳሳት ዘበኛ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ማስረከብን ነው።

ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ እምብርት፥ ከርነል በሚባለው ክፍል ነው። ሌባው እዚያ ድረስ ስለሚዘልቅ ዘበኛው መከተሉ ያስኬዳል፤ ዳሩ ግን በዚያ ሥፍራ ትንሽ ስሕተት ኮምፒዩተሩን በሙሉ ይጥላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ኩባንያው የላከው አንድ ፋይል 21ኛ መረጃ እንዲነበብ አዘዘ፤ የቀረቡት ግን 20 ነበሩ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፥ ሆስፒታሎችም ቀጠሮ ሰረዙ።

እኛን ይበልጥ ያስገረመን ሌላ ነው። ደንበኞች የፕሮግራሙን አዲስ እትም ማዘግየት ይችሉ ነበር፤ ይህን ዐይነቱን ፋይል ግን እምቢ የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም። በጥቂቶች ላይ አስቀድሞ ሳይሞከርም ለሁሉ ተላከ። ኩባንያው ምርጫውን ለደንበኞቹ የሰጠው ከጥፋቱ በኋላ ነው።