የኦፕራ መድረክና የሴቶች ጤና

ኦፕራ ዊንፍሬ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 በሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ቆማ ስለ ሚዛን ትናገር ነበር። ጤንነት ማለት የነገሮች ሁሉ ሚዛን መጠበቅ መሆኑን እያስረዳች ሳለ እግሯ ከዳትና ወደቀች። ጥፋቱን በጫማዋ አላክካ፣ ጫማዋንም አውልቃ በባዶ እግሯ ንግግሯን ቀጠለች። የዓለም መገናኛ ብዙኃን የተቀባበሉት ይህንኑ ቅጽበት ነው። ከዕለቱ ዝግጅት ሁሉ ማንም ያልተለማመደው፣ ማንም ያላቀደው ክፍል ይኸው ስለነበር አያስገርምም።

ዝግጅቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የ2020 ራዕይ፦ ሕይወትሽን አጥርተሽ እዪ» ሊባል የሚችል ስያሜ ነበረው። በእንግሊዝኛው ሃያ ሃያ የሚለው ቁጥር ጥርት ያለ የዓይን እይታን ስለሚያመለክት ስያሜው ቅኔ ቢጤ ነው። ጉዞው ጃንዋሪ 4 ቀን ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ዘጠኝ የአሜሪካ ከተሞችን ካዳረሰ በኋላ ማርች 7 ቀን ዴንቨር ላይ ተጠናቀቀ። በየከተማው አንድ ዝነኛ እንግዳ ይቀርባል፤ ሌዲ ጋጋ፣ ሚሼል ኦባማና ጄኒፈር ሎፔዝ ከእንግዶቹ መካከል ነበሩ። ቀኑ በጭፈራ፣ በተመስጦ፣ በመልመጃ ደብተር ላይ ግብን በመጻፍና በቃለ ምልልስ ያልፋል።

የመድረኩን ኃይል መካድ አይገባም። ሌዲ ጋጋ በመጀመሪያው ዕለት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስለደረሰባት መደፈርና ያ ጉዳት በአካሏም በአእምሮዋም ላይ ስለተወው ሕመም ተናግራለች። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲነገር ሰምታ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ያለች ሴት ቢያንስ ያን ዕለት ሸክሟ ቀሎላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የእንዲህ ያለው ምስክርነት አወቃቀር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ቆሰልሁ፣ ወደ ውስጤ ተመለከትሁ፣ ወሰንሁ፣ ዳንሁ። በቁስሉና በመዳኑ መካከል የቆሙት ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ገንዘብና የሥራ ፈቃድ በጭብጨባው ውስጥ ይሰወራሉ። ዝነኛዋ እነዚህን ሁሉ ስላገኘች ልትረሳቸው ትችላለች። አድማጯ ግን በማግሥቱ የሚያስፈልጓት እነሱው ናቸው።

በጽዋ ማኅበር ሴቶች ጭንቀታቸውን ሲጨዋወቱ የዛሬዋ ተናጋሪ በቀጣዩ ወር አድማጭ ትሆናለች፤ ከታመመችው ቤት ሄዳ ሊጥ የምታቦካም አትጠፋም። (ሐሜቱም እንዳለ ሆኖ ነው።) ትኬት በተቆረጠበት ታላቅ አዳራሽ ግን ተናጋሪዋና አድማጯ ቦታ አይለዋወጡም።

ሌላም ነገር አለ። የጉዞው አጋር ቀድሞ ዌይት ዋቸርስ ይባል የነበረው፣ በ2018 ስሙን ወደ ደብልዩ ደብልዩ የለወጠው የክብደት መቀነሻ ኩባንያ ነበር። ኦፕራ በ2015 በ43 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የኩባንያውን አሥር በመቶ ድርሻ ገዝታ የቦርድ አባል ሆናለች። ስለዚህ «ራስሽን ውደጂ» የሚለው መድረክ በዚያው ቀን «ራስሽን መዝኚ» የሚል ባለቤት ነበረው። ኩባንያው «ክብደት» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ «ጤንነት»ን ወደፊት ማምጣቱ ብልህ ነጋዴነት ነው፤ ሸቀጡ ግን ያው ነው። በዲሴምበር 2023 ኦፕራ ክብደቷን ለመቆጣጠር መድኃኒት እንደምትወስድ በይፋ ተናገረች፤ ጉዳዩ የፈቃድ ጽናት ብቻ አለመሆኑን መረዳቷንም ገለጸች። በ2024 ከቦርዱ ወጣች፤ ድርሻዋንም በዋሽንግተን ለሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ለገሰች። ኩባንያው በሜይ 2025 ከዕዳው ለመገላገል የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የኦፕራ ንግግር ቅንነት አይጠረጠርም። ይሁንና በ2020 አዳራሹን ሞልተው ግባቸውን በደብተር የጻፉት ሴቶች ያን ጊዜ ስለ ጽናት ነበር የሰሙት።

ይህችው ሴት ሌላ ዓይነት መድረክም ታውቃለች። በ2004 በቴሌቪዥን ዝግጅቷ ላይ ዶክተር ካትሪን ሀምሊንን በእንግድነት አቅርባ ነበር። ዶክተሯ ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙ ናቸው። በተራዘመ ምጥ ምክንያት ሽንት መቆጣጠር ተስኗት፣ ከሰው ተገልላ የኖረች ሴት ራሷን በአዲስ ዓይን እንድታይ ቢነገራት ምን ይረባታል? የሚያሽራት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከዚያም በፊት በቅርብ የምትገኝ አዋላጅና የሚያደርስ መንገድ። ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆና ወደ ሀምሊኖች መጥታ፣ መደበኛ ትምህርት ሳታገኝ ቀዶ ሕክምናውን ከእነርሱ ተምራ ሌሎችን ያዳነች ሴት ናት። ከጉዳት ወደ ብርታት የተደረገ ጉዞ የሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አያገኝም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አልጋው፣ መርፌውና አስተማሪው አልተሰወሩም።

በዚያ የ2004 ዝግጅት ኦፕራ ጠያቂ ነበረች። የተመልካቾቿ ትኩረትና ልግስና ወደ ሆስፒታሉ ፈሰሰ፤ ቆይታም ራሷ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ጎበኘችው። ዝናዋ እንደ መብራት ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ነበር። በ2020 መብራቱ የዞረው ወደ ራሷና ወደ እንግዶቿ ነው። ዛሬ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ በሆቴል አዳራሾች የሴቶች የጤና ጉባኤ የሚያሰናዱ ሰዎች አብነት የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁለተኛውን መድረክ ነው፤ ዝነኛዋን መጋበዝ አዋላጇን ከመጋበዝ ይልቅ ወንበር ይሞላልና።

ጉዞው ዴንቨር ላይ ባበቃ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማርች 18 ቀን 2020፣ ዶክተር ካትሪን ሀምሊን በዘጠና ስድስት ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ወረርሽኙ አዳራሾችን ሁሉ ዘግቶ ስለነበር የኦፕራ ዝግጅት በሜይ ወር በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ ቀጠለ።