ከፍሮይድ ጥላ ሥር የቀረው ሽኒትዝለር

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1922 ለአርቱር ሽኒትዝለር ስድሳኛ ዓመት ልደት የላከው ደብዳቤ በዘመናዊው የአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ሰነዶች አንዱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ ኖረው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እያነበበ፣ ለዓመታት ሳይቀራረቡ ቆይተዋል። ፍሮይድ ምክንያቱን ሲናዘዝ የገዛ አምሳያውን ፊት ለፊት የማየት ዓይነት ፍርሃት ይዞት እንደነበር ይገልጻል፤ እሱ በሌሎች ሰዎች ላይ ብዙ ደክሞ የደረሰበትን እውቀት ደራሲው በውስጣዊ ስሜቱና ራሱን በማስተዋል እንዳገኘውም ይመሰክርለታል። ምስጋናው ከልብ የመነጨ ነበር። ውጤቱ ግን ለሽኒትዝለር አልበጀውም። ከዚያ ወዲህ የቪየናው ደራሲ የሳይኮአናሊስስ ማስረጃ ተደርጎ መነበብ ጀመረ፤ ሐያሲው የፍሮይድን ጽንሰ ሐሳብ በአንድ እጁ፣ የሽኒትዝለርን ልብ ወለድ በሌላው ይዞ ያመሳክራል፣ ሲገጥሙለትም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በዚህ መካከል የደራሲው ጥበብ ሳይመረመር ይታለፋል።

ሽኒትዝለር የሕክምናውን ዓለም ከውጭ የተመለከተ ሰው አልነበረም። አባቱ ስመ ጥር የጉሮሮ ሐኪም ነበሩ። እሱም ሐኪም ሆኖ በ1889 አካላዊ ጉዳት ሳይኖርባቸው ድምፃቸው የተዘጋባቸውን ሕሙማን በሂፕኖሲስ ስለ ማከም ጥናት አሳትሟል። ፍሮይድ ስለ ሕልም ፍቺ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ከመውጣቱ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ«አናቶል» ተውኔት የመጀመሪያ ትዕይንት ላይ አንድ ወንድ ፍቅረኛውን በሂፕኖሲስ ያስተኛታል። የሚፈልገው ታማኝ መሆኗን ማወቅ ነው። መሣሪያው በእጁ ነው፣ ሴቲቱም መልስ ለመስጠት ተዘጋጅታለች፤ ጥያቄው ግን ካፉ አይወጣም። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። የፍሮይድ ሙያ መጠየቅ ነው። ሽኒትዝለርን የሚመስጠው ደግሞ እውነቱ በእጁ እያለ ላለማወቅ የሚታገለው ሰው ነው።

ይህን ልዩነት ደራሲው ራሱ ያውቀው ነበር። ስለ ሳይኮአናሊስስ በግሉ በያዛቸው ማስታወሻዎች ላይ፣ ተንታኞቹ ወደ ስውሩ ህሊና ለመውረድ ከመጠን በላይ ይቸኩላሉ ሲል ይተቻል። በንቁው ህሊናና በስውሩ መካከል ሰፊ ስፍራ አለ፤ ሰውየው ሊያየው የሚችለው፣ ነገር ግን ዘወር ብሎ የሚያልፈው። ሽኒትዝለር መካከለኛ ህሊና ብሎ የጠራው ይህንን ነው። ማስታወሻዎቹ ታትመው የወጡት ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ በኋላ፣ በ1976 ስለነበር የአምሳያነቱ ወግ አስቀድሞ ሥር ሰድዷል።

ለመካከለኛው ህሊና የሚሆን የአጻጻፍ ስልት ያገኘው በ«ሌተናንት ጉስትል» ነው። ኖቬላው በታኅሣሥ 25 ቀን 1900 በአንድ የቪየና ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከኮንሰርት ሲወጣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የሰይፉን እጀታ ይዞ ያዋረደው መኮንን፣ ክብሩን ለማዳን ራሱን መግደል እንዳለበት አምኖ ሌሊቱን ሙሉ በከተማዋ ይንከራተታል፤ ሲነጋ ዳቦ ጋጋሪው በድንገት መሞቱን ይሰማና ይፈነድቃል። ተራኪ የለም፤ ያለው የጉስትል ሐሳብ ብቻ ነው። ሽኒትዝለር ስልቱን ከፈረንሳዊው ኤዱዋር ዱዣርደን እንዳገኘው በግልጽ ተናግሯል፤ የጆይስ «ዩሊሲስ» ለመታተም ገና ሃያ አንድ ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። ጦር ሠራዊቱም አንባቢ አላጣም፤ በ1901 የደራሲውን የተጠባባቂ መኮንንነት ማዕረግ ገፈፈው።

«ሌተናንት ጉስትል» ከወጣ ከስድስት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ በታኅሣሥ 31 ቀን 1900፣ ፍሮይድ «ዶራ» ብሎ የጠራት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሕክምናዋን አቋርጣ ወጣች። ፍሮይድ የሕክምናዋን ታሪክ ያሳተመው በ1905 ነው። በዚያው ጽሑፍ ግርጌ ማስታወሻ ላይ የሽኒትዝለርን «ፓራሴልሱስ» ተውኔት በምስጋና ያነሳል። ሽኒትዝለር ለዶራ ታሪክ የሚመጥን ሥራ ያቀረበው ግን በ1924፣ በ«ፍሮይላይን ኤልዘ» ነው።

ኤልዘ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአክስቷ ጋር በተራራማው የሳን ማርቲኖ ሆቴል ታርፋለች። ጠበቃው አባቷ በአደራ የተሰጣቸውን ገንዘብ አጥፍተዋል። እናቷ በደብዳቤ የምትለምናት እዚያው ሆቴል ካረፈው ሀብታም የጥበብ ሥራዎች ነጋዴ፣ ከዶርስዳይ፣ 30 ሺህ ጉልደን እንድትጠይቅ ነው፤ በኋላ በቴሌግራም ወደ 50 ሺህ ያድጋል። ዶርስዳይ እሺ ይላል። ዋጋው ለሩብ ሰዓት ዕርቃኗን ማየት ነው።

የሽኒትዝለር ታላቅነት ያለው በሕትመቱ ገጽ ላይ ነው። የኤልዘ ሐሳብ በተለመደው ቀጥ ያለ ፊደል ይታተማል፤ ጮክ ተብሎ የሚነገረው ሁሉ፣ የእሷም የሌሎችም ንግግር፣ ዘመም ባለ ፊደል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዓይን ግን ከጥቂት ገጾች በኋላ መመዘን ይጀምራል። ከዶርስዳይ ጋር በምትነጋገርበት ትዕይንት ዘመም ያለው ፊደል የጨዋ ቤት ቋንቋ ነው፤ የተለካ፣ ትሕትና የተሞላ፣ እንከን የማይወጣለት። በየመሐሉ ቀጥ ያለው ፊደል ይገባል፤ የዶርስዳይን አስተያየት፣ ሞኖክሉን፣ የድምፁን ለውጥ ይከታተላል፣ ይሳደባል፣ ያሰላል፣ በኤልዘ ውበትም ይኮራል። አንድ የትሕትና ቃል ከአፏ ለመውጣት ስንት ቃል ውስጧ እንደሚቀር አንባቢው በዓይኑ ያየዋል። ፍላጎትም መጸየፍም እዚያው ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ኤልዘ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች፣ ሁለቱንም ታልፋቸዋለች። ወደ ስውሩ ህሊና የሚወርድ መሰላል አያስፈልግም።

ስልቱ የሚገርመው መጨረሻው ላይ ነው። ኤልዘ በጥቁር ካፖርት ብቻ ወደ ሙዚቃው ክፍል ትገባለች። ዶርስዳይ ለብቻው የጠየቀውን በእንግዶች ሁሉ ፊት ታሳየውና ራሷን ስታ ትወድቃለች። በዚህ ጊዜ የሹማን «ካርናቫል» በፒያኖ እየተጫወተ ነው፤ ሽኒትዝለርም ሙዚቃውን በቃላት አይገልጸውም፣ ኖታውን ራሱን በአረፍተ ነገሮቹ መካከል ያሳትመዋል። ወደ ክፍሏ ተሸክመው ሲወስዷት ዓይኗ ተዘግቷል፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል። ከዚህ በኋላ ዘመም ያለው ፊደል የሌሎች ብቻ ይሆናል። አክስቷ፣ የአክስቷ ልጅ ፓውልና ወዳጁ ሲሲ ስለ እሷ ይናገራሉ፣ ይፈርዱባታል፤ እሷ መልስ ትሰጣለች፣ መልሷ ግን ቀጥ ካለው ፊደል አይወጣም። አንዲት ልጅ ከሰው መካከል ስትጠፋ የፊደል ቅርጽ ይህን ያህል ሲናገር ማየት ብርቅ ነው። ይህን ሥራ የሕክምና ታሪክ ማሟያ አድርጎ ማንበብ ግፍ ነው።

ሽኒትዝለር ከዚህም ቀደም በሥርዓተ ነጥብ ትልቅ ነገር ሠርቷል። በአሥር ንግግሮች በተዋቀረው «ራይገን» ተውኔት ውስጥ ሩካቤው ራሱ በሰረዞች ተተክቷል፤ ከሰረዙ በፊት ያለውና በኋላ ያለው ንግግር ብቻ ይሰማል። በ1921 በቪየና ብጥብጥ፣ በበርሊን የፍርድ ቤት ክስ ያስነሳው ይኸው ተውኔት ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ሪቻርድ ፎን ክራፍት-ኤቢንግ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ የፍትወትን ዓይነቶች እየሰበሰበ ስም ያወጣላቸው ነበር። ሽኒትዝለር ስም አላወጣም፤ የሚፈላለጉ ሰዎች ከመገናኘታቸው በፊትና በኋላ እንዴት ባለ ቋንቋ እንደሚዋሹ አዳመጠ።

አሁን ዶራንና ኤልዘን ጎን ለጎን ማየት ይገባል። የዶራ አባት ከወዳጃቸው ሚስት ጋር የምስጢር ግንኙነት ነበራቸው፤ ወዳጃቸው ደግሞ ልጅቱን ይከጅል ነበር። ዶራ የዝምታ መካካሻ ተደርጋ እንደተሰጠች ታምን ነበር፤ ፍሮይድም ይህን አልደበቀም፣ በከፊል እውነት እንዳለውም ጽፏል። ከዚያ ግን ጥያቄውን ወደ ልጅቱ ልብ ይመልሰዋል፦ ሰውየውን በስውር አትወድም ነበርን? ገና ልጅ ሳለች ሰውየው በሱቁ ውስጥ አቅፎ ሲስማት የተሰማትን መጸየፍ የሕመም ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሽኒትዝለር ጥያቄውን ከገበያው አያነሳም። ኤልዘም ትመኛለች፣ መታየትንም ትወዳለች፤ ይህ ግን ዋጋውን የቆረጡትን ሰዎች ከተጠያቂነት አያወጣቸውም። እናትየዋ በደብዳቤ፣ አባትየው በዝምታ፣ ገዢው በትሕትና ተዋውለዋል። በዚህ ጉዳይ ልብ ወለድ ጸሐፊው ከሐኪሙ የተሻለ ፍትሕ ያውቃል፤ ይህንንም ለዘብ አድርጎ መናገር አያስፈልግም።

ሽኒትዝለር ሁልጊዜ ይህን ያህል አይሳካለትም። በ1926 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ትራውምኖቬለ» ውስጥ አልበርቲነ ለባሏ ለፍሪዶሊን የምትነግረው ረጅም ሕልም ደካማ ነው። ባሏ ይገረፋል፣ የመስቀል ቅጣት ይጠብቀዋል፣ እሷ ትስቃለች፤ ምልክቶቹ ተራ በተራ ተሰልፈው ተርጓሚያቸውን ይጠባበቃሉ። ለፍሮይድ እጅግ የቀረበበት ቦታ እዚህ ነው፤ ሥራው የሚደርቀውም እዚሁ ነው። የኖቬላው ጉልበት ያለው ከሕልሙ በፊት፣ ባልና ሚስት በዴንማርክ የባሕር ዳርቻ ሳሉ ሊሆን ተቃርቦ ሳይሆን ስለቀረው ነገር በሚናዘዙበት ምሽት ላይ ነው። ሁለቱም ያውቁ ነበር፣ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር። ፍሪዶሊን በዚያው ሌሊት ጭምብል ወደለበሱ ሰዎች ቤት ሲገባ የይለፍ ቃሉ «ዴንማርክ» ነው፤ የሸሸው ምሽት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1999 ታሪኩን ወደ ኒውዮርክ ወስዶ ፊልም ሲሠራው ቃሉን «ፊዴሊዮ» አደረገው። ለታማኝነት ጉዳይ ተስማሚ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን የጭምብሉን ቤት ከባልና ሚስቱ ጭውውት ጋር ያሰረው ክር በዚያ ለውጥ ተበጥሷል።